የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በገብስ አገር ማዕድ ቤት

መንዝ ውስጥ ዓሣ ከድስት ይልቅ ወሬ ላይ ይገኛል። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ የሚለው የቆየ ክርክር ይነሣል። ቄሱ አንድ ይላሉ፣ አዲስ አበባ ከርሞ የመጣው ወጣት ሌላ ይላል፣ አንድ ሽማግሌ መሐል ገብተው ሁለቱንም ይገላግላሉ። ክርክሩ ያልቃል፤ ዓሣው ግን አይመጣም። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ገበያ የወጣ ሰው በጉን፣ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባናና ዝተት ሲያማርጥ ይውላል። ትኩስ ዓሣ ዘርግቶ የሚጠብቅ ነጋዴ ማየት ግን ብርቅ ነው።

ውኃ ጠፍቶ አይደለም። ደጋው የወንዝ እናት ነው። ሞፈር ውኃ፣ አዳባይ፣ ወንጪት እያሉ ገደሉን ሰንጥቀው ወደ ጀማ ይወርዳሉ፤ ጀማም ወደ ዓባይ። ታች፣ ውኃው ሞቆና ሰፍቶ በሚሄድበት በመርሐቤቴ ቆላ፣ አምባዛም ቢልጫም ቆረሶም አለ። ላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው አገር ግን ጅረቱ ቀጭን፣ ውኃውም እጅ የሚያደነዝዝ ነው። ቆረሶን የመሰለ ሙቀት ወዳድ ዓሣ እዚያ አይቆምም። እንዲህ ያለ በረዶ መሳይ ውኃ የሚመቸው የዓሣ ዘር ጥቂት ነው፤ ለማዕድ ከሚፈለጉት ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ትራውት ነው።

በኢትዮጵያ ትራውት በወንዝ ውስጥ ተራብቶ የሚገኝበት የታወቀው አገር ባሌ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ግድም ከኬንያ መጥቶ ዲንሾ አካባቢ ባሉት ወንዞች፣ በወይብና በዳንካ፣ ተለቀቀ። ወደ ኬንያ ደጋ ያመጡት ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሰፈሩት እንግሊዞች ናቸው፤ በአገራቸው የለመዱትን የመንጠቆ ጨዋታ ናፍቀው። ይኸው ሰበብ ትራውትን ካሽሚር ተራሮች ላይም አድርሶታል። ወደ ባሌ የመጣው ዘር ሁለት ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር የተሰመረበት "ቀስተ ደመና" የሚባለው ትራውት ትውልዱ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብና ከሩሲያ ካምቻትካ ነው። ጠቃጠቆው በነጣ ቀለበት የተከበበው ቡናማው ደግሞ የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ሰው ነው። ቡናማው በአፍሪካም ቢሆን ጨርሶ ባዕድ አይደለም፤ በሞሮኮና በአልጄሪያ አትላስ ተራሮች ማንም ሳያመጣው በተፈጥሮ ይኖራል።

ባሌንና መንዝን ብዙ መሬት ይለያቸዋል፤ ብርዱ ግን አንድ ነው። ጅብራው አንድ፣ ቀይ ቀበሮው አንድ፣ ገብሱ አንድ። ሁለቱም ዘንድ በእግር ሲረገጥ የሚሸት ጦስኝ አለ። ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይበቅል ሣር መሳይ ቅጠል ነው፤ በሻይ እንጠጣዋለን፣ ጉንፋን እንሽርበታለን፣ ሽሮ ላይ ጣል እናደርገዋለን። የፈረንጅ የምግብ መጽሐፍ ተገልጦ ትራውት ከሚለው አጠገብ ሁልጊዜ የሚገኘው ቅጠል የዚሁ የጦስኝ የሥጋ ዘመድ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ነገር አምኛለሁ። የመንዝ ሴት ጓዳ ውስጥ ለትራውት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ይገኛል፤ የገብስ ዱቄቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የኑግ ዘይቱ፣ ጦስኙ። የጎደለው ዓሣው ብቻ ነው።

ይህን እምነት የሚፈትኑ እናት ያገኘሁት ዲንሾ ነው። የመንዝ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው መምህር ሆነው ባሌ ሲመደቡ ተከትለው ሄደው፣ እዚያው ወልደው ከብደው ቀሩ። ሰፈሩ "የመንዟ" ይላቸዋል፤ እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ። ማዕድ ቤታቸው ጭስ የጠገበ የጭቃ ቤት ነው። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ በሌላው ጥግ ኩበት የተከመረበት ጉልቻ፣ ግድግዳው ላይ ወንፊትና ሰፌድ ተሰቅሏል። ዓሣውን ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ፈቃድ አውጥቶ በመንጠቆ የሚያጠምድ ጎረቤት፣ እርጥብ ሣር ውስጥ ጠቅልሎ ጠዋት አድርሶላቸዋል። አራት ናቸው፤ ትልቁ ከክንድ ያንሳል።

"መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እባብ መስሎኝ ነበር" አሉ እትዬ፣ አንዱን በስንጥቡ አንጠልጥለው። "ቅርፊት የለው፣ ምን የለው። ይሙለጨለጫል። ባልየው አምጥቶ 'ሥሪ' ሲለኝ 'አንተው ሥራ' አልኩት።"

ቅርፊትስ አለው፤ ግን በጣም ደቃቅና ቆዳው ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልገውም። ይህ ለማዕድ ቤት ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ቆረሶ ሲፋቅ ቅርፊቱ እስከ ጣሪያ ይዘላል፤ ትራውት ግን የሚፈልገው ያንን ዝልግልግ ልባሱን በጨው አሸት አሸት አድርጎ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ ብቻ ነው። ዝልግልጉ ራሱ የጤንነት ምልክት ነው፤ ጥርት ብሎ የሚያበራ ከሆነ ዓሣው ትናንት ወይም ዛሬ የተያዘ ነው። ደፍርሶ ከተንጠለጠለ ቆይቷል። ዐይኑ እንደ ሕፃን ዐይን ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሆዱ በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ሽታው የወንዝ ድንጋይ ሽታ ነው። "ዓሣ ዓሣ" የሚሸት ዓሣ ከርሟል፤ ሎሚም አያድነው።

እትዬ ቢላዋውን በመጅ ሞረዱ። የዓሣውን ጀርባ ወደ መክተፊያው አድርገው ከጭራው በታች ካለችው ቀዳዳ ጀምረው ወደ አገጩ በስሱ ሰነጠቁት። ጥልቅ አላሉም። ጫፉን ብቻ እየነዱ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። "ሐሞቱ" አሉ ሲጨርሱ። "ሐሞቱ ከፈነዳ መራር ነው፤ ዶሮ እንደምትገነጥል አድርገህ አስበው።" ሁለት ጣታቸውን ከአንገቱ ሥር አስገብተው ሆድቃውን በአንድ ስበት እስከ ጭራ አወጡት። ስንጥቦቹን ከግራና ቀኝ በቢላዋ ጫፍ ነቅለው ጣሉ፤ ስንጥብ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሽ፣ ሾርባ ውስጥ ከገባም የሚያመርር ነው።

ብዙ ሰው የሚዘልለው የሚቀጥለውን ነው። ሆዱ ባዶ ሲሆን አከርካሪው ላይ ከአንገት እስከ ጭራ የተዘረጋ ጥቁር ቀይ ገመድ ይታያል። የረጋ ደም ይመስላል፤ የዓሣው ኩላሊት ነው። በስስ ሽፋን ሥር ስለተደበቀ በውኃ ብቻ አይለቅም። እትዬ ሽፋኑን በቢላዋ ጫፍ ቀደዱና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከላይ እስከ ታች አንዴ ፋቁት፤ ያልለቀቀውን በሻይ ማንኪያ ጀርባ ደገሙት። ውኃው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠራ። ይህ ሳይጸዳ የተጠበሰ ትራውት የጭቃ ጣዕም አለው እየተባለ በወንዙ ይፈረዳል። ወንዙ ምን በወጣው።

ከታጠበ በኋላ ውኃ ዳግም እንዳይነካው። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ውስጡንም ውጭውንም እስኪደርቅ ማበስ ግድ ነው፤ እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ይፈላል እንጂ አይጠበስም፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ይቀራል። ጨው ውስጥና ውጭ ነስንሶ የአንድ ቡና መጠጫ ጊዜ ማቆየት ይበቃል። እንደ ሥጋ በሎሚና በቅመም ዘፍዝፎ የሚያሳድር ሰው ግን ሥጋውን ከእሳት በፊት አብስሎታል፤ ሎሚ የዓሣን ሥጋ ነጭ አድርጎ ያጠነክራል፣ ከዚያ መጥበሻ ላይ እንደ ዱቄት ይፈረካከሳል። ሎሚ ትሪ ላይ ነው ቦታው።

ሌላም የማይጠበቅ ነገር አለ። አሁን ከውኃ የወጣ ትራውት ወዲያው መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ይጎብጣል፤ ጡንቻው ገና አልረጋም። ቀዝቃዛ ቦታ ጥቂት ሰዓት ማረፍ አለበት። የደጋ ሰው ለዚህ ማቀዝቀዣ አያሻውም። ጠዋት መጥቶ ለምሳ ይደርሳል፤ ማታ መጥቶ እንደሆነ ሆዱ ተጠርጎ፣ ተሸፍኖ፣ ድመት ከማይደርስበት ማገር ላይ ይሰቀላል፤ የኅዳር ውርጭ የቀረውን ይሠራል። ሳይጠረግ ማሳደር ግን ክልክል ነው፤ የሚበላሸው ከሆዱ ጀምሮ ነው።

እትዬ ከሰሉን አራግበው ብረት ምጣዱን ጣዱ። የገብስ ዱቄት በሰፌድ ላይ በተኑ፤ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ በሶ ነው፣ ጨውና ጥቂት የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። በሶው ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ ቶሎ ይቀላል፣ ሽታውም ቆሎ ቆሎ ይላል። ፈረንሳዮች ትራውትን በስንዴ ዱቄት ለውሰው በቅቤ መጥበስን ከአንደኛ ደረጃ ምግቦቻቸው ይቆጥሩታል፤ በእኔ ምላስ የእትዬ በሶ ይበልጣል። ስንዴው ዓሣውን ይሸፍናል፤ ገብሱ ያጅበዋል።

ዘይቱ ሞቀ። የኑግ ዘይት ቶሎ ስለሚጨስ እሳቱ መካከለኛ መሆን አለበት። አንድ ቁንጣሪ ዱቄት ጣል አደረጉበት፤ ዙሪያውን ሲያርገፈግፍ ዓሣውን ከራሳቸው ወደ ፊት እያራቁ አጋደሙት። ከዚያ እጃቸውን አጥፈው ቁጭ አሉ።

"እትዬ፣ አያገላብጡትም?"

"ተወው። ራሱ ይለቃል።"

ልክ ናቸው። ቆዳው ሲጠበስ ከብረቱ ይላቀቃል፤ ቀድሞ የነካካ ሰው ይቆርጠዋል። ሩብ ኪሎ ግድም ለሚመዝን ዓሣ በአንድ ጎን አራት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አንዴ ገልብጦ ያንኑ ያህል። መብሰሉ የሚታወቀው ከጀርባው ክንፍ አጠገብ ነው፤ ክንፉ ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣና ሥጋው ብርጭቆ መምሰሉን ትቶ ንጣት ወይም ደብዛዛ ሮዝ ከያዘ ደርሷል። ሮዝ ሆነ ብሎ ማንም ጥሬ ነው እንዳይል፤ ወንዝ ውስጥ ጥቃቅን ባለ ቅርፊት ነፍሳት የሚበላ ትራውት ቀለማቸውን ይወርሳል። ከደረሰ በኋላ "ይጨመርለት" ማለት ነው ጥፋቱ። ምግብ ቤት ውስጥ ዓሣ ጥብስ ያልን ጊዜ የሚመጣልን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ የሞተ ነው፤ አንዴ በመረብ፣ አንዴ በዘይት። ቆረሶ ያን ቅጣት በመጠኑ ይችላል፤ ትራውት ግን ሥጋው ስስና ለስላሳ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ሲያልፈው ገለባ ይሆናል።

በርበሬውን ጠየቅኋቸው። እትዬ ሳቁ።

"አንድ ጊዜ ወጥ ሠራሁት። ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬ አግብቼ፣ ደህና አድርጌ። ወጡን በላን፤ ዓሣው የት እንደገባ ጠፋን።"

ስለዚህ አሁን አዋዜው በትንሽ ጣባ ለብቻ ይቀርባል፤ የፈለገ ያጠቅሳል። ሰናፍጭም አጠገቡ አለ፤ እንደ እኔ ከአዋዜው ይልቅ ሰናፍጩ ይስማማዋል፣ ቅባቱን ይቆርጠዋል። በርበሬ ለሥጋና ለጥራጥሬ የተሰጠ ሀብት ነው። አምባዛን በመሰለ ወፍራም ሥጋና ከበድ ያለ ሽታ ባለው ዓሣ ላይም ይሠለጥናል፤ የአዲስ አበባ ዓሣ ጉላሽና ዓሣ ዱለት ይመስክሩ። ትራውትን ግን ይውጠዋል።

ሁለተኛው አሠራር ዘይትም አይፈልግ። የዓሣው ሆድ ውስጥ አንድ ጭብጥ ጦስኝ ከነግንዱ፣ ሁለት ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ስስ የሎሚ ቁራጭ ይገባል፤ በኮባ ይጠቀለላል፣ ኮባ የማይደርስበት ደጋ ከሆነ በእርጥብ ወረቀት ወይም በአሉሚኒየም ፎይል። ከዚያ ነበልባሉ በሞተ ፍም ላይ ተጋድሞ ሌላ ፍም ከላይ በስሱ ይደፋበታል። ሩብ ሰዓት። ጥንቃቄው እሳቱ ላይ ነው፤ ኩበት ገና ሲጨስ ዓሣ ከቀረበለት ሽታውን ይጠጣዋል። ኩበቱ አመድ ለብሶ ቀይ ፍም ብቻ ሲቀር ግን እንደ እሱ ያለ እኩል የሚያበስል እሳት አላውቅም። ጥቅሉ ሲፈታ ጦስኙ መጀመሪያ ይወጣል፣ ዓሣው በስተኋላ። ቆዳው በአንድ ጣት ይገፈፋል፣ ሥጋው ከአከርካሪው በሁለት ክፍል ይነሣል፣ አጥንቱ ከነጭራው እንደ ማበጠሪያ ተነቅሎ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው የከተማ ሰው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሾርባው ላይ የደጋ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ መሐል ሜዳ ወይም ዲንሾ ከፍታ ላይ፣ 3,000 ሜትር ግድም፣ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። ባቄላና ሥጋ መንዝ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያስለፉት ለዚህ ነው። ለትራውት ግን ጉዳቱ ቀርቶ ጥቅም ነው፤ የሚንፈቀፈቅ ውኃ ስስ ሥጋውን ይበታትነዋል፣ የደጋው ፈላታ ግን ለዘብ ያለ ነው። ራሱን፣ አጥንቱንና ጭራውን በሽንኩርትና በካሮት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሎ ማጥለል፣ ድንች ከትፎ እዚያው ማብሰል፣ ሥጋውን ደግሞ ድስቱ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መጨመር። እትዬ መጨረሻ ላይ የገብስ ቅንጬ ያገቡበታል። ልጆቻቸው "የእማዬ ገንፎ" ይሉታል፤ ስሙ አልወደድኩትም፣ ሳህኑን ግን ጠርጌ በላሁ።

ጾም ላይ በዘይት፣ ፍስክ ላይ በንጥር ቅቤ ቢጠበስ ሁለቱም ያምራል፤ ቅቤው ግን ኮረሪማና ኮሰረት የበዛበት ከሆነ ከበርበሬው ያልተናነሰ ግፍ ይፈጽማል። ለጋ፣ ቅመም ያልበዛበት ቅቤ ይመረጥ። ዓሣው ከምጣዱ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ባልለቀቀው ብረት ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ማቅለጥ፣ ጥቂት የጦስኝ ቅጠል ማርገፍ፣ አረፋው ሲሰክን ዓሣው ላይ ማፍሰስ ነው። የገብስ ቂጣ አጠገቡ ካለ እንጀራ አያስፈልግም።

ሐዋሳና ዝዋይ ዳር የለመደ ሰው "በጥሬውስ?" ማለቱ አይቀርም። የንጹሕ ውኃ ዓሣ ስለሆነ ብቻ በጥሬው አይደፈርም። ከወንዝና ከሐይቅ የሚወጣ ዓሣ ወደ ሰው የሚሻገር የኮሶ ዘመድ ትል ሊሸከም ይችላል፤ ትራውትም ከዚያ ነፃ አይደለም። በእሳት ያልፋል፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ ለመንዝ ሰው ሳጫውት የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ታዲያ ወንዛችን ውስጥ ለምን አይጣልልንም?" ውኃው ይስማማዋል። ትራውት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ያለ፣ የሚሮጥ፣ ትንፋሽ የበዛበት ውኃ ይወዳል፤ 25 ዲግሪ ይገድለዋል። እንቁላሉን የሚጥለው ውኃ የሚመላለስበት ጠጠር ውስጥ ነው፣ ጠጠር ደግሞ በሽ ነው። የመንዝ ጓሳ ሰዎች የጋራ ሣራቸውን አባ ቄራ በሚባል አለቃ በሚመራ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ምንጩንም አብረው ጠብቀዋል፤ ደፍርሶ የማያውቅ ጅረት አላቸው።

እኔ ግን ወንዝ ውስጥ መጣሉን አልደግፍም። ሁለቱም የትራውት ዘሮች በዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ በሚባሉት ተራሮች ዓሣ ያልነበረባቸው ሐይቆች ላይ ትራውት ተለቅቆ እንቁራሪቶቹን ጨረሰ፤ ተመራማሪዎች ከአንዳንዶቹ ሐይቆች ትራውቱን ሲያወጡት እንቁራሪቶቹ ተመለሱ። ባሌ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች አገር ነው፤ ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከሌላ በማይገኙ ፍጥረታቱ ብዛት ጭምር ነው። እዚያ የተደረገው ተደርጓል። መንዝ ላይ ይህን መድገም ለአንድ መጥበሻ ሲባል የማይመለስ ነገር መሥራት ነው። ከወንዙ ተቆርጦ በሚገባ ውኃ የሚሠራ፣ መውጫው በወንፊት የታጠረ ኩሬ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያ ቆሞለት፣ ፈቃዱ ታይቶ ቢሞከር አልቃወምም። እስከዚያው ጀማ አለ።

የጀማና የወንጪት ዓሣ ላይ የእትዬ አሠራር በሙሉ አይሠራም፤ በከፊል ግን ይሠራል። በመጀመሪያ በምን እንደተያዘ መጠየቅ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝ በአገራችን የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው ሳይለይ ይፈጃል። በመረብና በመንጠቆ የተያዘውን ብቻ መግዛት የገዥ ሥልጣን ነው። ቆረሶ ሲሆን ቅርፊቱ ከጭራ ወደ ራስ ይፋቃል፣ ኩላሊቱ እንደ ትራውት ይጠረጋል፣ በሶው ይለወስበታል፣ የሚጠበሰው ግን ሥጋው ስለሚወፍር ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ በሙቀት የተጓዘ ከሆነ ሆዱ ወንዙ ዳር ተጠርጎ ጨው ተነስንሶበት ካልመጣ አለመግዛት ይሻላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ግን ወፍራም ስለሆነ ይገፈፋል፣ ሥጋውም ለወጥና ለጉላሽ ይሰጥ።

ቢልጫ ላይ ችግሩ እሾሁ ነው። ሥጋው ውስጥ የተበተኑ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን እሾሆች አሉት፤ በእጅ ተለቅመው አያልቁም። መድኃኒቱ ቢላዋ ነው። ጎንና ጎኑን ከጀርባ ወደ ሆድ አከርካሪው እስኪደርስ፣ በስንዴ ፍሬ ርቀት፣ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መብጣት። ዘይቱ በየብጣቱ ሲገባ ደቃቁ እሾህ ተጠብሶ ይሰባበርና ከሥጋው ጋር ይታኘካል። ለልጆች ግን ከጀርባው ወፍራሙን ሥጋ ለይቶ፣ በጣት ዳስሶ መስጠት ነው።